የጉም ጾም

እታለማሁ ቀምሳ ዝም ካለች ወጡ ጥሩ ነው። ቀምሳ ከተናገረች ግን የወጡ ባለቤት ገበያ ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነው። ደጊቱ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ እያወቀች ነው እንግዲህ ልጇ አምሳለ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችውን መጽሐፍ እንድትሰማ እታለማሁን እቤቷ የጠራቻት።

መጽሐፍ ለማለት እንኳ ገና ነው። በጽሕፈት መኪና ተመትቶ በሲባጎ የታሰረ ወረቀት ነው፤ ውፍረቱ ግን ድርሳን ያህላል። አምሳለ አዲስ አበባ ባለ የሴቶች ትምህርት ቤት የባልትና አስተማሪ ናት። ያገኘችውን ሴት ሁሉ እየጠየቀች የጾም ምግብ ስትሰበስብ ከርማ፣ ከሁዳዴ እስከ ገሃድ ለየጾሙ የሚሆነውን ወጥ፣ ፍትፍትና ዳቦ አንድም ሳታስቀር ጻፈችው። ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው። እሷ ግን «ያገሬ ሴቶች ሳይሰሙት አላሳትምም» ብላ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሰኔው የሐዋርያት ጾም መሀል፣ ዳንግላ ገባች። ከአውቶቡሱ እስከ ቤት በመጣችበት ጋሪ ላይ ሻንጣዋን እግሯ ሥር ጥላ ወረቀቱን ታቅፋው ነበር።

«እትዬ እታለማሁ ይሁን ካሉ ይታተማል፤ ካላሉ ደግሞ ይቀራል» አለች።

ደጊቱ ይህን ስትሰማ ፈራች። ልጅ አዋቂ ሆና ስትመጣ ደስ ይላል፤ አዋቂነቷን እታለማሁ ፊት ላስመዝን ስትል ግን እናት ምን ትሁን? ማንበብ አትችል ነገር፣ አስቀድማ አይታ እዚህ ጋ ተይው፣ እዚያ ጋ ጨምሪበት አትላት። የምትችለውን አደረገች፤ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መሶቡ ላይ አስቀመጠችው። አምሳለ «እምዬ፣ አቧራ እኮ የለውም» ብትላት አልሰማቻትም።

በቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሴቶች መጡ። እታለማሁ፣ የማርያም ማኅበር ሲደርስ ትልቁን ድስት የምታዘው እሷ ናት፣ ምርጡን መደብ ያዘች። ቀጥላ ካሳነሽ ገባች፤ የወረዳው ጸሐፊ ሚስት ናት፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣች። አገውኛ አንድ ቃል አትሰማም፤ አማርኛዋ ግን ለሁለት ሴት ይበቃል። መጨረሻ እማማ ስሜነሽ በምርኩዝ እያዘገሙ ደረሱ። ደጊቱ ዳንግላ ከመግባቷ በፊት፣ እንጅባራ ደጋው ላይ ስትኖር፣ እሳቸው አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ነበሩ፤ አሁን ልጃቸው ዘንድ ናቸው። በአገውኛ አስበው በአማርኛ ስለሚናገሩ ዘግየት ይላሉ፤ የሚሉትን ግን ይላሉ።

አምሳለ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሽሮ ወጥ፣ ለስድስት ሰው።»

«ቆይ» አለች እታለማሁ። «ሰባተኛ ቢመጣሳ?»

«ያው… ውሃ ይጨመራል እትዬ።»

«እንዲያ ብለሽ ጻፊዋ። እንግዳ በር ላይ አቁመን ወረቀት ስናገላብጥ አንገኝም።»

አምሳለ እርሳሷን አንስታ ጻፈች። ቀጥላ «ሽንኩርቱ ለሩብ ሰዓት ይቁላላ» ብላ አነበበች።

«ሰዓትማ እኛ ቤት አለ፤ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለ» አለች ካሳነሽ፣ ያንን ሰዓት ያላየ የዳንግላ ሰው ያለ ይመስል።

«ቆሟል አላልሽም?» አለቻት እታለማሁ።

«ቢቆምስ፣ ሰዓትነቱን ማን ይወስድበታል?»

ሳቁ። አምሳለም ሳቀች፤ ደጊቱ ግን የእታለማሁን ፊት ሳታይ አትስቅም ነበር። የሽምብራ ዓሣ ሲነበብ እማማ ስሜነሽ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። «ዓሣ! በጾም! ልጄዋ፣ አዲስ አበባ ምን አስተማረችሽ?» አምሳለ ተንበርክካ አስረዳቻቸው፤ የሽምብራ ዱቄት ነው የሚቦካው፣ በዓሣ መልክ ተቆርጦ የሚጠበሰው፣ ውሃ ውስጥ የኖረ ነገር አንድም የለበትም። አሮጊቷ ሰምተው ሲያበቁ «እና ሽምብራው ምን በደለ ስሙን የምትነጥቁት?» አሉ። እሱም ተጻፈ።

ስልጆው ዘንድ ሲደረስ ደግሞ እታለማሁ አንገቷን ሰበር አድርጋ አዳመጠች። የባቄላው ዱቄት እንዴት እንደሚገነፋ፣ ሰናፍጩ መቼ እንደሚገባ፣ እንዳይመር ምን እንደሚደረግ አምሳለ አንብባ ጨረሰች።

«እስቲ ድገሚው» አለች እታለማሁ። «ዝናቡ ጮኸብኝ።»

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ደጊቱ ፊቷን ወደ ምድጃው መልሳ ፈገግ አለች። የእታለማሁ ስልጆ ሁልጊዜ እንደሚመር አገር ያውቃል፣ የሚናገራት ጠፍቶ እንጂ። አለቀ፣ ልጄ ተወደደች አለች በልቧ፤ እሳቱ ላይ ልትጨምርም ማገዶ አነሳች።

አምሳለ ገጽ ገለጠች። «የጉም ጾም» ብላ አነበበች። «ይህ ጾም የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ ፍልሰታ እስኪያዝ በአገው ምድር ደጋ ይጾማል። ጉሙ እስኪገልጥ ወተት፣ ቅቤ፣ ዘይትና ጨው አይቀመስም። የሚበላው የሳማ ወጥ ነው።»

የደጊቱ እጅ ማገዶው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምን ጾም አልሽ?» አለች ካሳነሽ፤ ሳቋ ከጥያቄዋ ቀድሞ አመለጣት። «ጨው የማይበላበት? ኧረ እኔስ እንዲህ ያለ ጾም ሰምቼም አላውቅ!»

እታለማሁ አልሳቀችም፤ ያ ነው የባሰው። «ልጄ» አለች፣ «ሐምሌ አምስት ከተፈታ ወዲያ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር፣ ነሐሴ እስኪገባ ጾም አይያዝም። ይህንን ማን አወጀው? ቤተ ክርስቲያን የማታውቀውን ጾም አሳትመሽ ብታወጭ፣ ካህናቱ ይቺን ገጽ ቀደው ሌላውን የሚያነቡልሽ ይመስልሻል? መጽሐፉን እንዳለ ነው የሚጥሉት። እኔም ይሁን አልል።»

የአምሳለ ፊት በርበሬ መሰለ። ወደ እናቷ ዞረች። «እምዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ሁለት ክረምት ጾመን የለም እንዴ? ቢሻው ወተት አምሮት ሲያለቅስ ‹ጉሙ ሲገልጥ› ትይው አልነበር?»

ደጊቱ እንዲህ ትለው ነበር። እንጅባራ ሳሉ ባሏ ለሥራ ወደ ጫግኒ ቆላ ወርዶ ወባ አስቀረው፤ ላሚቱን ያንኑ ዓመት የከብት በሽታ ጨረሳት። የሰኔ ጾም እስኪፈታ ድረስ ችግሩ አልታወቀም፤ በጾም ቅቤ ማን ይጠይቃል? በፍቺው ማለዳ ግን ከየጎረቤቱ የሚነጠር ቅቤ ሸተተ፤ አምሳለና ታናሽ ወንድሟ ቢሻው ቀና ብለው አዩዋት። ደጊቱ በበሩ ወደ ውጭ አየች። ጉም ነው፣ ሌላ የሚታይ የለም። «ዛሬ የጉም ጾም ገባ» አለቻቸው። ጎረቤቶቹስ ለምን አይጾሙም ሲሏት «በስውር ነው የሚጾመው፤ ለሰው ከተወራ ዋጋ የለውም» አለች። ልጆቹ አመኗት። ከአጥሩ ሥር ሳማ እየቀጠፈች አበላቻቸው።

የሰው ደጅ ያልረገጠች ሴት ትባላለች ደጊቱ። ይህን ስም እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቀው ኖራለች። አሁን ዝም ብትል ስሟ ይተርፋል፤ ልጇ ግን ከራሷ ጾም የፈጠረች ተብላ፣ ያን ሁሉ የደከመችበትን ታቅፋ ትመለሳለች። ደጊቱ ማገዶውን አስቀመጠችው።

«እኔ ነኝ ያወጅኩት» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ላሚቱ ሞተች። ዘይት አልነበረኝም፣ ጨውም አልነበረኝም። ‹የለኝም› ብላቸው ሰው ቤት ሄደው ይቆማሉ ብዬ ፈራሁ። ጾም ነው አልኳቸው። ልጄ አልዋሸችም፤ የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

ካሳነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እማማ ስሜነሽ መጀመሪያ በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ቀጥለው በአማርኛ ተናገሩ።

«ቢሻውን አንድ ቀን በደጄ ሲያልፍ ጠርቼ ወተት ሰጠሁት። ቅሉን አየው፣ አየው፣ እጁን ኋላው ደብቆ ‹ጉሙ አልገለጠም› አለኝ። እኔ የዋኋ ስለት መስሎኝ! የደጊቱ ስለት ነው ብዬ ልጆቼን ‹በፊታቸው ቅቤ እንዳትበሉ› እያልኩ እቆጣ ነበር። ምነው፣ ምነው ደጊቱ? አንድ አጥር እኮ ነበር መሀላችን። በቅል ሙሉ ባቀብልሽ ምን ነበረበት?»

«ምንም አልነበረበት» አለች ደጊቱ። «ኩራቴ ነው።»

አምሳለ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች እናቷን ታያለች። «እምዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንች ‹እኔ እስከ ማታ ነው የምጾም› እያልሽ ከእኛ ጋር አትበይም ነበር። ማታም ስትበይ አይቼሽ አላውቅም።»

ደጊቱ እሳቱን ቆሰቆሰች፤ እሳቱ ግን መቆስቆስ አላሻውም ነበር።

አምሳለ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ እርሳሱን አነሳች። ገጹን ከዳር እስከ ዳር ልትሰርዘው ስትል እታለማሁ እጇን ቀጨም አደረገችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልሰርዘው ነዋ እትዬ። ጾሙ የለም።»

«ጾሙን ሰርዥው፤ ወጡን ተይው። ሁለት ልጅ ያሳደገ ወጥ አይሰረዝም።» ብድግ ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ይልቅ ሳማ አለ እዚህ? እኔ ሳልቀምስ ይሁን የምለው ነገር የለም።»

ሳማ በሰኔ የት ጠፍቶ። እታለማሁ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ከጓሮ ቀጠፈች፤ ካሳነሽ ልርዳ ብላ ጣቷን አስለብልባ የደብረ ማርቆስን ሳማ ስታሞግስ፣ የዚያኛው የዋህ ነው ስትል፣ ያለቀሱትም ሳይቀሩ ሳቁ። ተቀቀለ፣ ተከተፈ፣ ትንሽ የገብስ ዱቄት ተነሰነሰበት። የኑግ ዘይት ጠብ ተደረገበት። ጨው ላይ ሲደረስ እታለማሁ ዕቃውን ለደጊቱ አቀበለቻት።

«አንች ጨምሪ።»

ደጊቱ በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች። አየችውና እንደገና ጨመረች። አምሳለ አጠገቧ ቆማ «እምዬ፣ ጨው ምን ያህል ልበል?» አለቻት፣ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አድርጋ።

«እንደ ልብ በይ» አለች ደጊቱ።

የመብያው ሰዓት ደርሶ ስለነበር ገበታው ቀረበ። እታለማሁ ቆርሳ አጠቀሰች። አላመጠች። ሁሉም አፍ አፏን ያያል። እታለማሁ ዋጠች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆረሰች፣ አንድም ነገር አልተናገረችም።

ደጊቱ እንደ ልማዷ ከገበታው ራቅ ብላ፣ ምድጃው ዘንድ፣ ሰው የጎደለውን ለመሙላት ቆማለች። አምሳለ እጇን ያዘቻት። ውጭ ጉሙ አጥሩን ጋርዶ እንደነበረ ነው።

«ጉሙ ገልጧል፣ እምዬ» አለቻት። «ነይ ብይ።»

ደጊቱ እጇን ታጠበች፤ ልጇ አጠገብ ቁጭ ብላም ከአንድ ገበታ በላች።