ሳር የተነጠፈበት ቴስታ

ኦይታ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ባለው ጋራዡ የላንድክሩዘሩን ኮፈን ቢያነሳ፣ ሞተሩ ክዳኑን እንደተቀማ ድስት አፉን ከፍቶ ጠበቀው። ስድስቱ ፒስቶኖች ተራቁተው ይታያሉ። አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ ቶርኖ ቤት ያስላጠው የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታው፣ የለም።

«ወንድምህ ነው የወሰደው። ሳውላ የሄድክ ቀን መጥቶ ፈታው» አለችው የጎን ባለሱቋ ረይሐና። «የገዛ ወንድምህን ሌባ ብዬ ልጩህበት?»

ኦይታ ደሙ ፈላ። ታላቅ ወንድሙ ታዴዎስ ተራራው ላይ ባለችው ኦቾሎ መንደር የቤተክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ የመንደሩን ብቸኛ መኪና የሚነዳውም እሱ ነው። የዚያ መኪና ቴስታ መሰንጠቁን ኦይታ ሰምቷል። ግን ሰው እንዴት ሳይጠይቅ የሰው ሞተር ይገፍፋል? የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ባገኘው ጭነት መኪና ወጣ። መንገዱን ሁሉ ስድቡን ሲያሰናዳ ነበር።

ታዴዎስን መኪናውን አስነስቶ ሲያሞቅ አገኘው። ሚስቱ ወርቂቱ ሆዷ ገፍቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ፍታልኝ!» አለ ኦይታ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ለራሴ የወሰድኩት መሰለህ? ወርቂቱ ወሯ ገብቷል። ምጥ ቢመጣ በቃሬዛ ላውርዳት?»

«ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር? እኮ ንገረኝ! አንድ ቃል መናገር ከበደህ?»

ታዴዎስ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። ይሄ ደግሞ ኦይታን ይበልጥ አነደደው። ኮፈኑን ብድግ አድርጎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ውሃው ይንተከተካል። ከሲሊንደር የሾለከ ጋዝ እንደገባበት ኦይታ ገባው።

የሁለቱ መኪኖች ሞተር ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ የታዴዎሱ ቀደም ያለ። የአንዱ ቴስታ ለሌላው ይገጥማል፤ የውሃ ቀዳዳዎቹ ግን ሁሉም አይገናኙም። አንዱ መደፈን አለበት፤ በመሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ የአዲሱ ቴስታ መሆን አለበት።

«ጓርኒሲዮን የቱን አስገባህ?»

«የነበረውን።»

«አንተ ደንቆሮ! ገደል ልትከታት ነው?» ኦይታ የወንድሙን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ። ወርቂቱ ጮኸች።

ጩኸቱን ሰምተው የመንደሩ ሽማግሌዎች ደረሱ። ከፊት ጋሽ ካሱ ናቸው፤ ሁሉም እርጥብ ሳር ይዘዋል። ምንም ሳይጠይቁ በሁለቱ መሃል ሳሩን አንጥፈው ተንበረከኩ። አባቱን የሚያህል ሰው ሳር ይዞ ከተንበረከከ በኋላ እጁን የሚያነሳ ጋሞ የለም። ኦይታ ኮሌታውን ለቀቀ።

«ወንድማማች ናችሁ፤ ቴስታው ወርቂቱ እስክትገላገል እዚሁ ይቆይ» አሉ ጋሽ ካሱ። «ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ።»

«ይቆይ፣ አባቴ፤ እኔም ትቼዋለሁ። ግን አገጣጠሙ ልክ አይደለም፣ ውሃው—»

«ልጄ፣ ሳሩ ተነጥፏል። ከዚህ በኋላ ነገሩን የሚያነሳ ሰው ነውረኛ ነው።»

«የንዴት ወሬ ነው» አለ ታዴዎስ፣ ኮሌታውን እያስተካከለ። «ሦስት ጊዜ ወጥቼበታለሁ፤ ምንም አልሆነም።»

ኦይታ ወደ ሞተሩ ተመለከተ። ንዴቱን የሚያበርዱበት ሳር አላቸው፤ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ቀጥ ሲል ለማን ሊያነጥፉለት ነው? ወርቂቱን አየ፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በፍርሃት ታየዋለች። የምትፈራው እሱን ነው፤ መኪናውን አይደለም።

ከዚያ ሳሩን ረግጦ አለፈ።

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ጀርባቸውን ሰጡት። ታዴዎስ ሊይዘው ቢሞክር ኦይታ መፍቻውን አነሳበትና «ና ሞክረኝ!» አለው። ብሎኖቹን እየተራገመ ፈታ፤ ቴስታውን አወረደ፤ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ለራሱ ሞተር ብሎ ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ ያኖረውን ጓርኒሲዮን አስገብቶ መልሶ አሰረ። ውሃ እንኳ የሚያቀብለው ሰው አልነበረም። ጨርሶ ሞተሩን ሲያስነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ጸጥ ብሎ ተኛ፤ ያንን ግን ከእሱ በቀር ማንም ቀርቦ አላየም።

ወርቂቱን ምጥ የያዛት በዝናብ ነው። መኪናው ያን ሁሉ ቁልቁለት ያለ እንከን ወርዶ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አደረሳት፤ ወንድ ልጅ ወለደች።

ሕፃኑ ለጸሎት ቤተክርስቲያን የገባ ዕለት ኦይታም መጣ። ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ አንድ አግዳሚ ወንበር ለብቻው ያዘ። ታዴዎስ ለምስክርነት ማይኩን ጨበጠ።

«ወገኖቼ፣ ሳር የረገጠ ሰው በቁጣ ሞተሩን ገነጣጥሎት ነበር። ጌታ ግን መኪናውን ጠበቀው! ሚስቴንና ልጄን በሰላም አወረዳቸው!»

ምእመናኑ በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ።

ኦይታ ብድግ አለ። ሁሉም ዞሮ አየው። ወርቂቱ ፊት ለፊቱ ሕፃኑን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ስታየው ልጁን ወደ ደረቷ አጥብቃ በነጠላዋ ሸፈነችው። አፉ ድረስ የመጣውን ሁሉ ዋጠ። ምእመናኑ ደግመው «አሜን» ሲሉ እሱ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።