አፍ የሌላት እንግዳ

በ2008 ልጄ ሩሃማ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ እኔ ከዚያ ብዙ ሳልርቅ አሌክሳንድሪያ ታክሲ እነዳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የኔ ናት። በዚያ ዓመት እናቷ ሲያትል ሥራ አገኘችና ልጄን ይዛ ልትሄድ ሆነ። ምን እላለሁ? «ይቅናችሁ» አልኩ።

ጎረቤቴ ዶን ኤሎይ የቦሊቪያ ሰው ነው፤ የአገሩን ትልልቅ የእሳት ራት ቤቱ ያረባል። ትሏ በራሷ ሐር የተጠቀለለችበትን፣ የደረቀ ቅጠል የመሰለ እሽግ ለሩሃማ ሰጣት። ሳሎኔ ውስጥ አንጠልጥላው በየቅዳሜው ታየዋለች።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ አምስት ቀን ሲቀራት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የእሳት ራቷ ከእሽጉ ወጣች። መዳፌን ታህላለች፤ ቡናማ ክንፎቿ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ አራት መስኮቶች አሏት። ወዲያው ለሩሃማ ኮል አደረግኩ። እስክትመጣ እንዳቆይላት አስማለችኝ።

ችግሩ፣ ሴትዮዋ አትበላም! ሙዝ አቀረብኩ፣ ስኳር በጠበጥኩ፤ ዞር ብላም አላየችው። እኔ ቤት የገባ እንግዳ አራት ቀን ሳይበላ ሊቀመጥ? ዓርብ ትዕግሥቴ አለቀ። ከአገር ቤት የተላከልኝን ማር በጣቴ ዝቄ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያልኩ ላጎርሳት ሞከርኩ። እንዴት ያለሁ ጅል ነኝ! ማሩ እግሯን ያዛት፤ ስትፈራገጥ አንድ ክንፏ ማሩ ያለበት ሰሃን ላይ ተለጠፈ። ብነካት ይቀደዳል ብዬ ፈራሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ አደርኩ።

ቅዳሜ ሩሃማ ስትገባ የእሳት ራቷ በሕይወት ነበረች። ልጄ አልተቆጣችም። ጥጥ ለብ ባለ ውሃ አርሳ፣ ቀስ እያለች አላቀቀቻት። የክንፏ ጫፍ ግን ተቀደደ።

«ዳዲ፣ አፍ እኮ የላትም» አለችኝ።

ዶን ኤሎይ ነግሯት ኖሯል። የሚበሉት ትል ሳሉ ነው፤ ክንፍ ካወጡ በኋላ ያን ስንቅ ይዘው ሳምንት ገደማ ይኖራሉ፣ እንቁላላቸውን ጥለው ያልፋሉ። ለኔ መንገር ማን ትዝ አለው!

«በረሃብ ትሞትብሻለች ብዬ ነው» አልኳት። ግን ነገ የምትሄደው ልጄ ናት፤ እሷንስ ማን ያጎርሳታል?

«ትንሽ ሆና የበላችው ይበቃታል» አለችና የእሳት ራቷን እጇ ላይ አወጣቻት። በተቀደደ ክንፏ ሁለቴ ተርገበገበች፤ እስከ መጋረጃው ድረስ በረረች።

ይኸው አሥር ዓመት ሆነ። ሩሃማ ከሲያትል ስትደውል መጀመሪያ የምጠይቃት ምን በላሽ ብዬ ነው።

«ያኔ ያጎረስከኝ ገና አላለቀም፣ ዳዲ» ትለኛለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ትንሽ አለቅስና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።