ቋጠሮ የሌለበት ቀለበት

1.

ቋጠሮ።

2.

ማክሰኞ ጠዋት፣ የሥራ ልብሴን ገና ሳልቆልፍ፣ ጋሽ ኦይቻ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ትርሲት ልጄ፣ ያ ቀለበት ውስጥ ቋጠሮ አለ» አሉኝ። «ክሩ ተበጠሰብኝና ቀጠልኩት።»

ፈተናው ሐሙስ ነበር።

3.

እዚህ ላይ ላቁምና ላስረዳ፤ አለዚያ ትተውኝ ይሄዳሉ።

የምንሠራው አየር የሚያምቅ ማሽን ነው፤ ኮምፕሬሰር። ውስጡ መዘውር አለ፣ በደቂቃ ስልሳ ሺህ ጊዜ እንዲዞር እንፈልጋለን። በዚያ ፍጥነት የኛን የብረት መዘውር የራሱ ክብደት ይገነጣጥለዋል። ስለዚህ ቀላልና ጠንካራ የሆነ የካርቦን ክር ሙጫ እየነከርን ዙሪያውን እንጠቀልልበታለን፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ይደርቃል። ቀለበት የምለው እሱን ነው። ቀለበቱ ከያዘ መዘውሩ ይይዛል።

ካልያዘ፣ ሐሙስ ፈተናውን የሚያየው ኮሚቴ ወርክሾፑን ዘግቶ ማሽኑን ከውጭ ሊያስመጣ ወስኗል። ስድስት ዓመቴን የበላ ሥራ ነው።

4. የቀለበቶች ዝርዝር

አንደኛ፦ እኔ በማሽን የጠቀለልኩት። አርባ አንድ ሺህ ላይ ተበተነ።*

ሁለተኛ፦ ጋሽ ኦይቻ በእጃቸው እየመሩ የጠቀለሉት። ቋጠሮ አለበት።

ሦስተኛ፦ ገና አልተሠራም። የቀረን ክር ለአንድ ቀለበት ብቻ ይበቃል።

* ማስተርሴን የያዝኩት በዚሁ ጉዳይ ነው። አይሳቁብኝ።

5.

አቶ ኦይቻ ሳዶ ሠላሳ አራት ዓመት ሸማ ሠርተዋል። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ማሽናችን ክሩን አንዴ ያላላዋል፣ አንዴ ያጠብቀዋል፤ እሳቸው ግን ውጥረቱን በሁለት ጣት ያውቁታል። ቢሮ ውስጥ «ሸማኔ ቀጠረች» ተብሎ ተሳቀብኝ። እሳቸው ለምደውታል። በሰፈራቸው ትልቁም ትንሹም «ሸማኔው» ይላቸዋል እንጂ በስማቸው የሚጠራቸው የለም።

ሸማ ላይ ክር ሲበጠስ ይቋጠራል። ጎበዝ ሸማኔ የቋጠረውን የልብሱ ባለቤት እንኳ ፈልጎ አያገኘውም። የጋሽ ኦይቻም እጅ እሳቸውን ሳያማክር ቋጠረው። የካርቦን ክር ግን የሚደክመው ቋጠሮው ላይ ነው። ቀለበቱ በመሣሪያ ተፈትሾ አለፈ፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር።

6. ንግግር፣ እንደተባለው

እኔ፦ ታዲያ ለምን ነገሩኝ?

እሳቸው፦ እንቅልፍ ነሣኝ።

እኔ፦ ይይዝ ይሆናል እኮ።

እሳቸው፦ ይሆናል። እኔ ግን ይሆናል ብዬ ሠርቼ አላውቅም።

7.

ያንኑ ዕለት ቀትር ላይ ሁለተኛውን ቀለበት ወፍራም ብረት በለበሰው የፍተሻ ጉድጓድ ውስጥ አሽከረከርነው። ጋሽ ኦይቻ ቀድመው ቋጠሮው ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገውበት ነበር።

ኃምሳ ሁለት ሺህ ላይ ተሰነጠቀ። ከፍተን ስናይ ስንጥቁ የጀመረው ከጠመኔው ሥር ነው። ኮሚቴው ፊት ሊሆን የነበረው ይሄ ነበር።

እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔ በእሳቸው የኮራሁት ግን ያኔ ነው፣ ገና ምንም ሳይሳካልን።

8. መመሪያ፣ ለእርስዎ

ክሩን በሌባ ጣትና በአውራ ጣት መሃል ይያዙ። ሬዲዮኑን ያስዘጉ። ማሽኑን የምታዞረው ኢንጂነር ከፈጠነች «ቀስ በይ ልጄ፣ እየጎተትሽብኝ ነው» ይበሏት። አራት ሰዓት ሙሉ አይቀመጡ። ሻይ ቢመጣም አይዩት። ክሩ ሊበጠስ ሲል ጣትዎ ላይ ይሻክራል፤ ያኔ ያስቁሙ፣ ያላሉት፣ ይቀጥሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኦይቻ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ክሩ አንዴም አልተበጠሰም። ረቡዕ ቀለበቱ ምድጃ ውስጥ ዋለ።

9.

ሐሙስ።

ሃያ ሺህ።

አርባ አንድ ሺህ። (የኔ እዚህ ነው የቀረው።)

ኃምሳ ሁለት ሺህ። ጋሽ ኦይቻ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስልሳ ሺህ።



ስልሳ ሺህ።



ስልሳ ሺህ፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ።

10.

ስናወጣው ለብ ብሎ ነበር። አንድ ጭረት እንኳ አላገኘንበትም። ጋሽ ኦይቻ ጣታቸውን ዙሪያውን አስኬዱበትና «አሁን ደህና ነው» አሉ።

ኮራሁ። ኮሚቴው እያየኝ ኮራሁ፤ የምደብቅበት ምክንያት አልነበረኝም። ወርክሾፑ አልተዘጋም።

11.

የፍተሻውን ቅጽ ስሞላ ኃላፊያችን ዶክተር አስናቀ ጠጋ አሉና፣ የሠሪው ስም በሚለው ቦታ የራሴን እንድጽፍ መከሩኝ። ሸማኔ ሠራው ከተባለ ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ቀልድ ይመስለዋል አሉ። ጋሽ ኦይቻም ደገፏቸው።

«ያንቺን ጻፊው ልጄ» አሉ፤ «ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ሁለቱንም እሺ አላልኳቸውም። ዋናው ቅጽ ላይ የጋሽ ኦይቻን ሙሉ ስም በራሴ እጅ፣ በትልቁ ጻፍኩት።

ከዚህ በታች ያለው ግን የእርስዎ ቅጂ ነው። ስማቸውን ነግሬዎታለሁ። እስክሪብቶ ይፈልጉ። «ሸማኔው» ብለው እንዳይጽፉ።

12. የፍተሻ ቅጽ

ክፍሉ፦ የኮምፕሬሰር መዘውር ቀለበት፣ ቁጥር ሦስት

የደረሰበት ፍጥነት፦ በደቂቃ 60,000 ዙር

ቋጠሮ፦ የለም

የሠሪው ሙሉ ስም፦ ____________________