የሰማን ጋቢ

«ሄደ ስትለው ይመለሳል» ብሎ ነበር አንድ እንግዳ። ሌላው፣ አያቷ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ። «ልብሱን…» አለ እንግዳው። የቀረውን ከዲጃ አልሰማችም። ሕፃን ነበረች፤ ከግርዶሹ ጀርባ እንደተኛች እንቅልፍ ወሰዳት። ልብሱን ምን? ያ የጥንት ወሬ ዛሬ፣ የልጇ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ፣ ለምን ትዝ እንዳላት አንድዬ ያውቃል።

የሰማንን ጋቢ ተከናንባለች። ከተቀበረ ወዲህ ከላይዋ አልወረደም። የበቅሎ ላብና የልጇን አንገት ይሸታል። ያሳክካታል፤ ሐዘን ነው ብላ ዝም ብላዋለች።

ጎረቤቷ ዘህራ ለለቅሶተኛ በተነጠፈው ገለባ ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ከንፈሯ ላይ ቅባት እያበራ ወደ አጠገቧ ሴት አዘነበለች።

«ድኖ አልነበር እንዴ? ከሚስቱ እጅ ቀመሰ፣ አበቃ።»

«አስተግፊሩላህ!»

«እኔ ምን አልኩ? የሰው አፍ ነው።»

ከዲጃ ፊቷን አዞረች። ሬሳ ላይ እንዳረፈ ዝንብ አስጠሏት። ሆኖም ከሁሉ ይልቅ የሚያንገሸግሻት ያ በሩ ሥር የተቀመጠው እጅ ነበር፤ የጃለኔ እጅ፣ የምራቷ። ጧት ጃለኔ ውኃ ስታቀብላት ጣሳውን በክርኗ ገፍታዋለች።

ሰማን ቡና ጭኖ ቡሬ የሚወርድ፣ ከበቅሎዎቹ ጋር እየተጨቃጨቀ የሚሄድ ሳቂታ ነበር። ጣሊያን በጅራፍ እየነዳ የጎሬን መንገድ ድንጋይ ካስፈለጠው በኋላ ቤቱ ተመለሰ። «እማ፣ ሌሊት እንደ ጆንያ ተደራርበን ነው የምንተኛ» አላት። ወዲያው ትኩሳት ጣለው። ጤና ጣቢያ ያሉት ጣሊያኖች ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ ንዳድ ነው ብለው ኪኒን ሰጥተው ሰደዱት። ከቀናት በኋላ ላብ አጠመቀውና ተነሣ። «ሞትን አታለልኩት! ጃለኔ፣ ገንፎ!» ጃለኔ አገነፋች። «እማ፣ ቅቤው ሳያልቅ ድረሽ» እያለ እየሳቀ በላ። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ነስር አላቆም አለው፤ ሞተ።

ታናሽ ወንድሙ ጀላሉ የቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ ማለ። «ዱዓው ያብቃ ብቻ፤ ያን መርዘኛ እጇን ጠፍሬ ለጣሊያኑ ሹም ነው የማስረክባት። ይስቀላት!» ወንድሙን ለገረፈው ሹም! ከዲጃ ሰምታለች። አልከለከለችውም።

ዛሬ ግን ጀላሉ ራሱ፣ በሟቹ መደብ በሟቹ ሱፍ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲያድር የሰነበተው፣ እንደ እሳት ነደደ።

«እሱንም አበላችው!» አለች ዘህራ።

ከዲጃ ቀስ ብላ ዞረች። «ከቀብር ወዲህ ከጃለኔ እጅ የበላ የለም። ምግቡ የሚመጣው ካንቺ ቤት አይደለም እንዴ ዘህራ?»

የዘህራ ጉርሻ ከአፏ ሳይደርስ ቀረ።

ከበሩ አጠገብ ወልደ ማርያም ጉሮሮውን ጠረገ። ጤና ጣቢያው ውስጥ አስተርጓሚ ነው፤ ፊት ለፊት ጋሼ፣ ከኋላ ባንዳ ይሉታል።

«እትዬ ከዲጃ፣ ሐኪሙ ደሙን ይይለት።»

«ደሙን ለጣሊያን? ያፈሰሱት አልበቃቸውም?»

«አንዲት ጠብታ ናት። ሰማንን ሳያዩት ሰደዱት፤ ይኼኛውን ሳያዩት አልመልስም።»

በቃሬዛ ወሰዱት። ከዲጃም ተከተለች። ሐኪሙ የጀላሉን ጣት ወግቶ ደሙን በመስተዋት ቁራጭ ላይ አኖረና ማጉያው ላይ ተደፋ። ቆየ። ወልደ ማርያምን ጠርቶ አሳየው።

«እንደ ተጠመዘዘ ክር ያለ ነገር ደሙ ውስጥ ይተራመሳል» አለ ወልደ ማርያም፣ ዓይኑን ከማጉያው ሳያነሣ። «መርዝ አይደለም ይላል። ቅማል የሚያመጣው ትኩሳት ነው። ይለቃል፣ ዳነ ሲሉት ያገረሻል። እንደ ነገሩ አካሄድ ወንድሙንም የገደለው ይኸው ነው።»

«ቅማል? እኔ ቤት?»

ሐኪሙ የጋቢዋን ጫፍ በእንጨት ገለጥ አድርጎ ፊቱን አጨማደደና አንድ ቃል ተፋ። ወልደ ማርያም ያን አልተረጎመውም። ከዲጃ ግን ፊቱን አወቀችው፤ ጧት ጣሳውን ስትገፋ እሷው የለበሰችው ፊት ነበር።

«ልብሱ ሁሉ ይቀቀል ይላል። ጋቢውም።» ያ እንግዳ «ልብሱን…» ሲል የጀመረው ይኸው ነበር።

«ይሄንን አልሰጥም። ጠረኑ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ጀላሉ መርፌ ተወጋ። ሁሉን ሰምቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቤቷ ገብታ የጋቢውን ጥለት ገለበጠች። ከስፌቱ ውስጥ አንድ ቅማል ወጣ፤ አመድማ፣ ሆዱ በደም የተወጠረ። የማን ደም? የጀላሉ? የሷ? በጓሮ በኩል ወጥታ አስመለሳት። ጃለኔ ሮጣ ግንባሯን ያዘች። ከዲጃ አልገፋቻትም።

«ነጭ ያለውን ታምኛለሽ?» አለች ዘህራ ከበሩ።

«ያየሁትን ነው የማምነው። ይህችን ልጅ ማንም ለማንም አያስረክባትም። ጀላሉም ቢሆን በእኔ ላይ አልፎ ነው። አንቺም ሄደሽ ልብስሽን ፈትሺ፤ አብረን ነው ገለባው ላይ የከረምነው።» ከዚያ ወደ ምራቷ ዞረች። «ጃለኔ፣ ውኃ ጣጂ።»

ጃለኔ ትልቁን ብረት ድስት ጣደች፣ እንፋሎቱ እስኪነሣ ጠበቀች፣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ይስጡኝ፣ አዴ?» አለች፣ በአክብሮት ጠርታት።

ከዲጃ ጋቢውን አንዴ ጨበጠችው። ይህች ልጅም ከቀብር ወዲህ ይህን ጠረን ከሩቅ ብቻ ስትናፍቅ መክረሟ ያኔ ነው የታያት።

«እሺ» አለች።

ነከሩት። አየር የያዘው አንዱ ጥግ ግን ተነፍቶ ብቅ አለ፤ ጃለኔ በእንጨቱ ስትጫነው ወረደ፣ ደግሞ ብቅ አለ። እጇ እምቢ አላት። ከዲጃ መዳፏን በጃለኔ እጅ ላይ ደረበችና አብረው ወደ ታች ደፈቁት፤ እስኪሰጥም ድረስ አልለቀቁትም።