ከዋጫ በፊት

ጋሽ ቢሻው ያን ነገር ያነሣባት የቀሚሷን እጅጌ እየለካላት ሳለ ነው። ሩሀማ ቦንጋ ገበያ ዳር ካለችው የልብስ ስፌት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

«የሕዝብ ቆጠራ ነው አሉ የምታጠኚው። ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደገባ።»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው እኅቴን ፈልጊልኝ።»

ሩሀማ ክንዷን እንደዘረጋች ቀረች። እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገና ነገራት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከዋድላ ለሠፈራ ሲጫኑ ልጅ ነበር። እናት አባቱ አልፈው፣ የቀረችው ታላቅ እኅቱ ዓባይነሽ ብቻ ነበረች። መንገድ ላይ መጠለያ ውስጥ ትኩሳት ጣለው። በሽተኛ ለብቻው ነው የሚሄደው ተባለና ከእቅፏ ወስደው ሌላ መኪና ላይ ጫኑት። የእሱ መኪና ወደ ከፋ መጣ። የእሷ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። በሬዲዮ አስነግሯል፤ ዋድላ ድረስ ሄዶ ጠይቋል፤ እዚያም አልተመለሰችም።

«እኔ ሃምሳን ይዣለሁ፤ እሷ ትበልጠኛለች። አሁን ካልተገናኘን መቼ ልንገናኝ ነው?»

«ጋሼ፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ቆጠራ ስም የለውም። ስሙ ወጥቶ ነው የሚሰጠን።»

«ሰው ያለ ስሙ ይቆጠራል?»

«የት እንዳለና ከየት እንደመጣ ብቻ ነው የሚናገረው። ያውም አሮጌ ነው፤ አዲስ ከተቆጠረ ቆይቷል።»

«ይሁን። በግ ስትጠፋም መጀመሪያ የሚጠየቀው በየት በኩል እንደሄደች ነው እንጂ ስሟ አይደለም።»

ሩሀማ ሳምንቱን ሙሉ ፈለገች። በዓባይነሽ ዕድሜ ያሉትን፣ ከወሎ መጣን ያሉትን ሴቶች ከምዕራቡ አገር ሁሉ ለቅማ አወጣች። ጥቂት ናቸው፤ እነሱም አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ። እሑድ ከሰዓት ላፕቶፗን ይዛ ስፌት ቤቱ ገባች።

«ተበታትነዋል ጋሼ። እዚህ ይሂዱ የምልዎ ቦታ የለም።»

ጋሽ ቢሻው የማሽኑን መዘውር በባዶው አሽከረከረ። በር ላይ ጎመን የምትቀነጥሰው ሚስቱ እትዬ ትርንጎ ጣልቃ ገባች።

«ተዪው እባክሽ! እኔን ሲጠይቅ የቼና፣ የዋጫ ልጅ ነኝ ብሎ ነው። አባቴ የቼና ሰው መጣ ብሎ ሰጠኝ፤ የወሎ ሰው መሆኑን የሰማሁት ከሠርጉ በኋላ ነው።»

«አልዋሸሁም! ከዋጫ አይደለም እንዴ የመጣሁት? ከሠፈራው ወስዶ ያሳደገኝ ልብስ ሰፊ እዚሁ ከፋ፣ ዋጫ ነበር ቤቱ።»

ሩሀማ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ቆጣሪ መጥቶ ቦንጋ ከመግባትዎ በፊት የት ይኖሩ ነበር ቢልዎ ምን ይላሉ?»

«ዋጫ ነዋ!»

ፊቷ ጋለ። የሳምንቱ ልፋቷ ሁሉ በዚያ አንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር። ጋሽ ቢሻውን ራሱን ብትፈልገው እንኳ የዋጫ ሰው ሆኖ ነው የሚወጣላት። ሁለት ጊዜ አገር የቀየረ ሰው የመጀመሪያው መነሻው ከዚያ ጥያቄ ውስጥ ይጠፋል። ቆጠራው ግን የትውልድ ቦታንም ጠይቋል።

መቀሱንና ክሩን ገፋ አድርጋ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደገና ጀመረች። አሁን የተገኙት ሴቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ በፊቱ ተበትነው ቀሩ፤ ብዙዎቹ ግን ከመቱ ወዲያ ባለች አንዲት የኢሉባቦር ወረዳ ተሰብስበው ታዩ።

«እሷ እዚያ አለች ማለት አይደለም» አለች ቶሎ ብላ። «በእርስዎ አገር የተወለዱ ሰዎች እዚያ ይበዙ ነበር፤ ያን ብቻ ነው የማውቀው።»

«የአገሬ ሰው ካለ እድር አለ» አለ ጋሽ ቢሻው ብድግ ብሎ። «እድር ካለ ደግሞ ስም አለ።»

ለሩሀማ ስልክ መደወል ሞቷ ነው። ያን ዕለት ግን መቱ ለሚያስተምረው የድሮ የክፍል ጓደኛዋ ለወንድማገኝ ራሷ ደወለች።

«አንቺ? በድምፅሽ?» ብሎ ሳቀባት። «ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም። ሰው እየተፈለገ ነው።»

ወንድማገኝ በገበያ ቀን ወረዳው ድረስ ወርዶ የእድሩን ዳኛ ጠየቀ። መልሶ ሲደውል ጋሽ ቢሻው የተማሪ ዩኒፎርም እየቆረጠ ነበር። ሩሀማ ስልኩን ጨርቁ ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አንዲት ዓባይነሽ የሚባሉ እናት አግኝቻለሁ» አለ ወንድማገኝ። «ግን ስም ስለተመሳሰለ ብቻ አላምንም ብለዋል። አንድ ነገር ልጠይቀው ይላሉ።»

ስልኩ እጅ ሲቀይር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ኦሮምኛ በለመደ አማርኛ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ።

«ያ ትኩሳት ለቀቀህ?»

ጋሽ ቢሻው መቀሱን አስቀመጠ። እጁን አንሥቶ ግንባሩን ዳሰሰ፤ ሳያጣራ መመለስ የፈራ ይመስል ነበር።

«ለቀቀኝ እታለም» አለ። «ለቀቀኝ።»

እትዬ ትርንጎ በር ላይ የምትቀነጥሰውን ጎመን በትና ሮጠች፤ ለመንገድ የሚሆን ማር ልትቀዳ።