የአሥራ ሁለት ደቂቃ ደወል

በዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቆም አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመኩራትም ነው። ልጆቹ «ጋሼ ደቂቃ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ሲጠሩኝ እቆጣለሁ፤ በሆዴ ግን ደስ ይለኛል። ሥራዬ ደወል መደወልና በር መዝጋት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት በመዶሻ ሰባት ጊዜ እመታለሁ፤ እንደጨረስኩ በሩን እዘጋለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣ ልጅ የማንም ልጅ ይሁን፣ ስሙን የአርፋጆች መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፤ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜም ውጭ ይቆማል። ሃያ ቀን ያረፈደ ከትምህርት ቤቱ ይሰረዛል። ሕጉን ያወጡት ርዕሰ መምህሩ ናቸው፣ ያስከበርኩት ግን እኔ ነኝ።

ሞባይል ስልክ በየእጁ ያልገባበት ጊዜ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ በእኔ ደወል ይተዳደራል ብል አልዋሸሁም። መምህራኑ የእጅ ሰዓታቸውን በደወሉ ያስተካክላሉ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ደወሉን ሰምቶ ነው የስፌት መኪናውን የሚያስነሳው። አንድ ዓመት በወላጆች ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ከመቀመጫዬ አስነስተው አስጨበጨቡልኝ፤ ሰዓት በማክበር የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። ባለቤቴ ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። ቦታ ስላልነበረ የወረደው የሠርጋችን ፎቶ ነው።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ ሁለት አዲስ ሰዎች መጡብን። አንዷ የሳይንስ መምህርት ናት። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ቦርሳዋ ሁልጊዜ በገመድና በካርቶን የተወጠረ። በመጀመሪያው ቀን በሩ ተዘግቶባት ደረሰች። የራሷን ሰዓት አየች፣ በበሩ ፍርግርግ በኩል የእኔን አየችና ፈገግ አለች። መምህር አይመዘገብምና አስገባኋት። ከዚያ ወዲያ አርፍዳ አታውቅም።

ሁለተኛዋ ሰባተኛ ለ የገባች፣ ከሌላ ሰፈር የተዛወረች ልጅ ናት። ክርኑ ላይ የተጣፈ አረንጓዴ ሹራብ ትለብሳለች። እሷ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አረፈደች፤ በማግስቱም፣ በሳልስቱም። ሁልጊዜ በሩጫ፣ ላብ በላብ ሆና ትደርሳለች። እኔም «አርፋጇ» አልኳትና ስሟ ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣» አለችኝ ያን የመጀመሪያ ቀን፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «እናቴ ሳይነጋ ነው ዳቦ ቤት ሥራ የምትገባው። ትንሽ ወንድሜን መዋዕለ ሕፃናት የማደርሰው እኔ ነኝ። እነሱ በር የሚከፍቱት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ እዚህ ድረስ በሩጫ ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ለክቼዋለሁ።»

«አንድ ተኩል ላይ ሃያ ሦስት ብትጨምሪ ስንት ይሆናል?»

«ለሁለት ሰባት ጉዳይ።»

ሰዓቴን በፍርግርጉ በኩል አሳየኋት። «ሁለት ከአምስት ይላል። ሂሳብሽ ቀድሞሽ ገብቷል፣ አንቺ ቀርተሻል።»

በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ስሟን ነግራኝ ከበሩ ውጭ ካለው የመብራት ምሰሶ ሥር ሄዳ ቆመች።

መምህርቷ ከመጣች አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላት ሰባተኛ ለን ከነደብተሩ ወደ ግቢ አወጣችው። ስድሳ ሁለት ልጅ ነው። እኔ ግቢ ውስጥ ወረቀት ሲጣል አልወድም፤ እየተበሳጨሁ ጠጋ አልኩ።

«ምን ሊሆን ነው መምህርት?»

«ሰዓት ልንሠራ ነው፣ ጋሼ።»

«በምን?»

«በባንዲራው ምሰሶ።»

ትንሽ ሬዲዮ መስኮት ላይ አስቀመጠች። ሰዓት ሞልቶ ሬዲዮው ጢጥ ባለ ቁጥር ልጆቹ ተሯሩጠው የምሰሶው ጥላ ጫፍ ላይ በኖራ ምልክት ያደርጋሉ። በየቀኑ የሚደርሳቸውን ክፍለ ጊዜ እየተከተሉ የአራት ሰዓቱን፣ የአምስቱን፣ የስምንቱን አንድ በአንድ ሞሉ። ገመድ ቋጥረው ይለካሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። ቤት ማፍረስ ብቻ የቀረው አንድ ረባሽ፣ ስንቴ ጆሮውን ይዤ ቢሮ የወሰድኩት ልጅ፣ የገመዱ ኃላፊ ሆነና ማንንም አላስነካ አለ። «ስንዝርህ ከስንዝሬ ይበልጣል፤ በስንዝር አንለካም» እያለ ሲቆጣ ሰማሁት። ድምፅ የላትም የተባለች አንዲት ልጅ፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ የምታነበው እሷ ሆነች። እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ትምህርት ማለት ቁጭ ብሎ ነው የሚል ሰው ነበርኩ።

ለቤት ሥራ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ጥላ እንዲመርጥ አዘዘቻቸው። ዛፍ ይሁን፣ የአጥር እንጨት ይሁን፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እዚያው ቦታ ቆሞ ምልክት ማድረግ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ቀን ሠርተው ረሱት። አርፋጇ በሩ ላይ ስትቆም ጠጠር ስትለቅም አያታለሁ፤ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

መምህርቷ አንድ ቀን ስለ እሷ ልታናግረኝ መጣች። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁሌ ያመልጣታል። ቢያስገቧት ምን አለ?»

«ሕግ ነው፣ መምህርት። ዛሬ ለሷ ብከፍት ነገ ለማን እዘጋለሁ?»

በአራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ የጥላው ሰዓት አንድ ምልክት ብቻ ቀረው፤ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ልጆቹ ከሰልፍ በኋላ ክፍል ሳይገቡ ምሰሶው ሥር ቀሩ። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮው ጢጥ አለ። ከዚያ ጉርምርምታ ሆነ። ገመድ ያዡ ረባሽ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ አይቆጡ እሺ? ደወልዎ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል።»

ደሜ ፈላ። «ማንን ነው የሚቀድመው?»

«ጥላውን። ሬዲዮውንም።»

«እንግዲያው ጥላው ይስተካከላ!»

መምህርቷ ከኋላቸው መጣች። «ልጆቹ በጥላውም በእኔ ሰዓትም ሁለቴ ለክተዋል፣ ጋሼ። እርስዎም ይለኩ» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለክቻለሁ» ብያት በሩ አጠገብ ወዳለችው የጥበቃ ጎጆዬ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ግን የአርፋጆቹን መዝገብ አውጥቼ አገላበጥኩ። የአርፋጇ ስም አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጽፏል። በማግስቱ አንድ ቢጨመር ልጅቷ ትሰረዛለች፤ ሌላ ትምህርት ቤት የሚቀበላት ደግሞ በመጪው ዓመት ነው፣ ያውም ከተቀበላት። የባሰው ሌላ ነው። ያለፉትን ሦስት አራት ዓመታት ገጾች ሳይ፣ እየደጋገመ ያረፈደ ሁሉ አዲስ የመጣ ልጅ ነው። የሰፈሩ ልጅ የለበትም። የሰፈሩ ልጅ የሚነቃውም የሚሮጠውም በእኔ ደወል በተስተካከለ ሰዓት ነዋ። አዲስ ሰው ብቻ ነው የሚያረፍደው። ክው አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ደወሉን መታሁ፣ በሩን ዘጋሁ። እንደ ወትሮው ሻዬን ልጠጣ ወደ ጎጆዬ መግባት ሲገባኝ ከዋናው በር ጎን ባለችው ትንሽ በር ወደ መንገድ ወጣሁ። ከዘጋሁ በኋላ ወጥቼ አላውቅም። ከመብራት ምሰሶው ራቅ ብሎ አፈሩ ውስጥ ጠበቅ ተደርገው የተቀበሩ ጠጠሮች ነበሩ፤ አንድ ረድፍ ነጭ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር፣ በየረድፉ አሥራ አንድ። ጥቁሮቹ ከነጮቹ ይልቅ ወደ ምሰሶው ሁለት ስንዝር ያህል ቀረብ ይላሉ።

ልጅቷ እየሮጠች መጣች። ላቧን እንኳ ሳትጠርግ ጎንበስ ብላ የመብራት ምሰሶው ጥላ ጫፍ ላይ ነጭ ጠጠር ቀበረች። ቀና ስትል አየችኝና ደነገጠች።

«ሃያኛዬ ነው አይደል፣ ጋሼ?»

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት ጠጠሮቹን እያሳየኋት።

«የቤት ሥራዬ ነው። ቲቸር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የምትቆሙበት ቦታ ምረጡ ስትለን፣ እኔ በየቀኑ የምቆመው እዚህ ነው። ነጩ የደረስኩበት ነው። ጥቁሩ የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ሁለት ሰዓት ሲል ነው።»

ከክፍሉ ሁሉ አንድ ቀን ሳታጓድል የለካችው እሷ ብቻ ነበረች። በየቀኑ ያቆምኳት እኔ ነኛ።

ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ሙዚቃው ቆመና ሬዲዮው ጢጥ አለ። ጥቁር ጠጠሯን አስቀመጠች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ከአሥራ ሁለት ይላል። ልብስ ሰፊው ጨርቅ በአፉ እንደያዘ ብቅ አለ።

«እነዚህ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዛሬም አረፈዱ» አለ። «ስንት ዓመቴ፣ አንድ ቀን በሰዓቱ ዜና አንብበው አያውቁም።»

«ለማን ነገርክ?»

«ምን ብዬ? ደወሉ እያለ ሬዲዮ ማን ያምናል?»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ነግሬዎት ነበር» አለች። «በመጀመሪያው ቀን። ለሁለት ሰባት ጉዳይ ነው ብዬዎት ነበር።»

ትንሿን በር ከፍቼ አስገባኋትና በቀጥታ ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት እዚያ ነው ያለው፤ በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ሰዓቴን የምሞላው በእሱ ነው። ከሞላሁ በኋላ እንዳላረፍድ ብዬ ሦስት ደቂቃ ወደፊት እገፋዋለሁ። ለጥንቃቄ።

«ይህን የግድግዳ ሰዓት በምን ነው የምታስተካክይው?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ጋሼ ደግሞ! በእርስዎ ደወል ነዋ። ይሄ አዲሱ ከተሰቀለ አራት ዓመቱ፣ ሰኞ ሰኞ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። እሷ በእኔ፣ እኔ በእሷ፤ በየዓመቱ ሦስት ደቂቃ፣ በአራት ዓመት አሥራ ሁለት። ከሰዓት በኋላም በአሥራ ሁለት ደቂቃ ቀድመን ስንለቅ ኖረናል። በዚያኛው በኩል ግን አንድም ሰው ቅሬታ አላቀረበም።

መዝገቡን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አፍሬያለሁ፣ ሥራዬን አጣለሁ ብዬም ፈርቻለሁ። እሳቸው ግንባራቸውን ያዙ።

«አራት ዓመት? ለወላጆች ምን ልንል ነው? ከአካባቢው ሁሉ በሰዓት አክባሪነት የታወቅን ነን እኮ።»

«ለወላጆች የሚባለውን እርስዎ ያውቃሉ» አልኩ። «እኔ የመጣሁት ለልጅቷ ነው። በአሥራ ዘጠኙም ቀን በሰዓቷ ደርሳለች። የዘጋሁባት እኔ ነኝ።»

«መዝገብ አይሰረዝም፣ ጋሼ።»

«አልሰርዝም። እጽፍበታለሁ።»

ብዕራቸውን ከጠረጴዛው አነሳሁ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ «ልጅቷ በሰዓቷ ደርሳለች፤ ደወሉ ቀድሟል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ። እሳቸው ቁጭ ብለው ያዩኛል። ስጨርስ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈቱና ማስተካከያውን ሳብ አደረጉት።

«ትክክለኛው ስንት ነው?» አሉኝ።

«እኔን አይጠይቁኝ» አልኩ። «ሰባተኛ ለን ይጠይቁ።»

ከቢሮ ስወጣ መምህርቷን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «የዚያን ቀን፣ በሩ ሲዘጋብዎት ያውቁ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ግን ብናገር የእኔ ሰዓት ከእርስዎ ሰዓት ጋር ነው የሚጣላው። ልጆቹ ሲያገኙት ይሻላል አልኩ።» ከዚያ ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። «ይህን ያህል ቀን ይፈጅብናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ልጅቷን አሳዝኛታለሁ።»

ለባለቤቴ ስነግራት እስክታነባ ሳቀች። የምስክር ወረቀቱን ከሳሎን አውርዳ የሠርጋችንን ፎቶ መለሰችው። «ቀድመህ እየመጣህ የምሳውን ድስት ስትጎረጉር ገርሞኝ ነበር» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት በአዲሱ ሰዓት ጀመርን። ሰፈሩ በሙሉ በደወሉ እንዳይደናገር ልጆቹ ቅዳሜ ቤት ለቤት ዞረው ነግረዋል። ሰባተኛ ለ በየሳምንቱ አንድ ተረኛ ይመድባል፤ ተረኛው ጥላው የኖራውን ምልክት ሲነካ እጁን ያነሳል፤ እኔ እጁን አይቼ እደውላለሁ። የመጀመሪያዋን ተረኛ ሲመርጡ ክርክር አልነበረም።

ለሁለት ሰባት ጉዳይ ላይ እንደ ልማዷ እየሮጠች መጣች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ግቢው በልጆች ተሞልቷል፣ አንዳንዱ ኳስ ያባርራል። ደፉ ላይ ቆመችና ወዲያና ወዲህ አየች።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ፣ ጋሼ?»

«አለ። ገና ሰባት ደቂቃ ይቀራል።»

ገባች። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደችና ተመልሳ መጣች፣ ሹራቧን እየጎተተች።

«ጋሼ፣ የሰባተኛ ለ ሰልፍ የት ነው የሚቆመው?»

ወር ሙሉ የተማረችበት ትምህርት ቤት ነው። አንጀቴን በላችው። በሩን ያለ ጠባቂ ትቼ እጇን ያዝኩና ከባንዲራው ምሰሶ በስተግራ፣ ከሁለተኛው ዛፍ ፊት ለፊት ወሰድኳት።

«እዚህ ነው» አልኳት። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሮጠች፤ ጥላው ምልክቱን ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። እኔም መዶሻዬን ይዤ እጇን መጠበቅ ጀመርኩ።