የመምህሩ ስም ይቅደም

የሮማነወርቅ ጥፋት መምህሯን ማክበሯ ነበር። አገር ቤት የሚያስመሰግን፣ ኢገን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ግን ጠበቃ የሚያስቀጥር ጥፋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለች የአማርኛ ንግግር ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የኮምፒውተር ሞዴል ሠራች። ሠራች ስል ብቻዋን ሠራች ማለቴ ነው። መብራት ሲመጣ እየሠራች፣ ሲጠፋ ግድግዳ እያየች፣ የታክሲ ረዳት ጩኸት ሳይቀር እየቀዳች። መምህሯ ዶክተር ካሳዬ ቢሯቸውን ለቀቁላት፣ “በርቺ” አሏት፣ አልፎ አልፎም ብስኩት ያመጡላት ነበር። ደግ ሰው ናቸው። ጥናቱ ሊታተም ሲል የእሳቸውን ስም ከፊት፣ የራሷን ከኋላ አደረገች። ማንም አላዘዛትም። ከመምህሯ ፊት ለመቆም ይሉኝታ ያዛት። እሳቸውም “ተይ እንጂ” አሉ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ጥናቱ በየአገሩ ተጠቀሰ፣ ተወደሰ። ዶክተር ካሳዬ በእሱ አማካይነት፣ ልዩ ችሎታ ላላቸው ሰዎች በሚሰጠው ፈቃድ አሜሪካ ገቡ፤ ቡርንስቪል ቤት ገዙ። እሷም ቆይታ በሥራ ቪዛ መጣች፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪነት ተቀጠረች። አሁን ቪዛው ሊያልቅ ነው፤ ከእንግዲህ አይታደስም። ለብቻዋ የምታሳድገው ልጇ ኖህ ከአማርኛ የሚያውቀው “እሺ” እና “አልፈልግም” ብቻ ነው፤ የሚያዘወትረው ሁለተኛውን ነው። ይህን ልጅ ይዤ ብመለስ የት አስተምረዋለሁ፣ በምን ቋንቋ፣ እያለች እንቅልፍ አጣች። ስለዚህ መምህሯ በገቡበት በር እሷም አመለከተች። ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብላ ያደገች ሴት፣ “እኔ ድንቅ ነኝ” ብላ መጻፍ ግድ ሆነባት።

መልሱ ደስ አይልም። ጠበቃዋ ቶማስ ሴንት ፖል ካለው ቢሮው አስቀምጦ አስረዳት።

“ሮማ፣ የኢሚግሬሽን ኦፊሰሩ ያለው ክሊር ነው። ፈርስት ኦተሩ፣ ስሙ ከፊት ያለው፣ ዶክተር ካሳዬ ናቸው፤ አንቺ ረዳት ነሽ። ረዳት ደግሞ ኤክስትራኦርዲነሪ አይደለም። ወይ ሰውዬው ሥራው የእሷ ነው ብለው ይጻፉልሽ፣ ወይ የሞዴሉን ኮድ ለኦፊሰሩ ሰብሚት እናደርጋለን። እያንዳንዱ መስመር ላይ ስምሽ አለ አይደል?”

“አለ።”

“ታዲያ ምን ቸገረሽ?”

ምን ቸገራት! ዶክተር ካሳዬ ሲያመለክቱ፣ ሥራውን የሠራሁት እኔ ነኝ ብለዋል። ኮዱ ከቀረበ ቃላቸው ውሸት ሊሆን ነው። ደግሞም ለዜግነት አመልክተው የመሐላቸውን ቀን እየጠበቁ ነው።

ቅዳሜ ኖህን ይዛ ቡርንስቪል ሄደች። የመንገዱ ዳር በረዶ ጠቁሮ ተከምሯል። የዶክተሩ ባለቤት እትዬ ስንታየሁ አገላብጠው ሳሟት፤ “ከሳሽብኝ” እያሉ አጎረሷት። እሳቸውና ባላቸው ልጅ የላቸውም፤ ለሰው ሲያስተዋውቋት “ልጃችን” ነው የሚሏት። እንዲህ እየጎረሱ እንዴት ይጠየቃል?

እትዬ ስንታየሁ ልጁን ይዘው ቴሌቪዥን ሊያሳዩት ወደ ታች ሲወርዱ፣ ለዶክተሩ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻቸው፤ ሥራው የእሷ ነው ብለው እንዲጽፉላትም ለመነቻቸው።

ዶክተር ካሳዬ፣ “ስሜን ፊት ያደረገው ማን ነው?” አሏት።

“እኔ ነኝ፣ ዶክተር።”

“ለምን?”

“ለክብርዎ ብዬ።”

“እንግዲያው ክብሬን ተይልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ተብዬ ከቤቴ ልውጣ?”

ተናደደች። አሳዘኗትም። የቱ እንደሚብስ አታውቅም። “እሺ” ብላ ተነሣች፤ እትዬ ስንታየሁ ምንም ሳያውቁ እስከ መኪናዋ ሸኟት።

ሰኞ ጠዋት ኖህን ትምህርት ቤት ስታደርስ ቶማስ ደወለ።

“ይጽፋሉ?”

“አይጽፉም።”

“ኮዱን ልላከው?”

በመስተዋቱ ልጇን አየችው። ጓንቱን በጥርሱ እየጎተተ፣ “ማም፣ አር ዊ ሌት?” አላት፤ ረፈደብን ወይ ማለቱ ነው።

“ላከው” አለች። ቃሉ ምንም ሳያንቃት ወጣ፤ ያ ነው ያስፈራት።

ፈቃዷ የመጣው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው። ቶማስ በስልክ ጮኸ፤ እሷ አመሰገነችው፣ ሳህን ማጠቧንም ቀጠለች። በማግስቱ እትዬ ስንታየሁ ደወሉ።

“ቤተ ክርስቲያን ሰማሁ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! እሱም ራሱ በደወለልሽ ነበር፣ ግን ከተኛ ሰነበተ። ዜግነቱን ያዙበት። የድሮ ፋይሉን አውጥተው፣ ግሪን ካርዱንም ሪቪው እናደርጋለን፣ እንደገና እናያለን ብለው ጠሩት። ማን ምን ብሎ እንደነገራቸው እንጃ። ኧረ ማንን ትጠረጥራለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ማንንም አላለኝ።”

ሮማነወርቅ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ዶክተር ካሳዬ ያውቃሉ። አውቀው ነው ስሟን ያልጠሩት።

“አለሽ፣ ልጄ?”

“አለሁ፣ እትዬ።”

“የእኛ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። ጸልዪለት።”

“እጸልያለሁ” አለች።